ይድረስ ለክቡር የቲ ቴብል ፎቶ ኮፒ

ጉዳዩ፦ ጡረታ ስለ መውጣትዎ

ክቡርነትዎ፣

ፕሮፌሰራችን እርስዎን፣ የናሙና ልዩነት በአጋጣሚ የመጣ መሆን አለመሆኑ የሚፈተሽበትን የድንበር ቁጥሮች ሰንጠረዥ፣ በብብታቸው ይዘው የቢዝነስ ስታትስቲክስ ክፍል መግባት ሲጀምሩ ሌክቸረር ነበሩ። ረዳት ፕሮፌሰር ሆኑ፣ ተባባሪ ሆኑ፣ ይኸው ሙሉ ፕሮፌሰር ናቸው። እርስዎ ብቻ ዕድገት ሳይጠይቁ የኮፒ ኮፒ ሆነው አገለገሉ። እግዜር ይስጥልን።

ባለፈው ሳምንት ፋይናል ላይ ግን አበዙት። ጥያቄው ቀላል ነበር፦ 60 ኪሎ ይይዛል ከተባለው የቡና ጆንያ 10 ተመዝኖ አማካዩ 59.2፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ (የክብደቶቹ መበታተን) 1.2፤ በ5 በመቶ የስህተት ዕድል (አልፋ)፣ በቱ ቴይልድ፣ ማለትም ማነሱንም መብለጡንም ቆጥራችሁ፣ ፈትሹ። 1.2 ለ10 ስኩዌር ሩት ሲካፈል 0.38 ገደማ፤ ልዩነቱ ለዚያ ሲካፈል ቲ ኔጌቲቭ 2.11። እዚህ ድረስ ሁሉም ደረሰ። ዲግሪ ኦፍ ፍሪደም (ከናሙናው ብዛት አንድ ሲቀነስ) 9 ብሎ ወደ እርስዎ ሲዞር፣ አልፋው የተጻፈበት የላይኛው ረድፍዎ የለም! ማሽኑ በልቶታል። ቲው የሚነጻጸርባቸው 1.833 እና 2.262 ስም አልባ ሆነው ጎን ለጎን ቆመዋል። የፊተኛውን የያዘ፣ 2.11 ስለሚበልጠው፣ ነጋዴውን ሚዛን ሰራቂ አደረገው፤ የኋለኛውን የያዘ፣ 2.11 ስለማይደርስበት፣ ነፃ ለቀቀው። ፈታኙ፣ «መጠየቅ ክልክል ነው።»

ቅሬታ ሲቀርብ ያው ነው፤ ፎርም ሙሉ፣ ዲፓርትመንት አስፈርሙ፣ ዲኑ ስብሰባ ናቸው፣ ሬጅስትራር ነገ ኑ። መልሱም መጣ፦ «ቴብሉ ትክክል ነው።» አይደለም! አናቱ የተቆረጠ ወረቀት ለፈተና አይሰጥም። ቀን ሠርቶ ማታ የሚማር ሰው በዚህ ኤፍ ካመጣ ስታትስቲክስ ሁለትን አይወስድም፤ ኮርሱ እስኪከፈት ዓመት ይጠብቃል፣ እንደገና ይከፍላል። ኤክሴል ላይ 0.05 እና 9 ለሰጠ 2.262 ወዲያው በሚወጣበት ዘመን!

ለትልቅ ናሙና የሚያገለግለው ዘመድዎ ዜድ ቴብልም ያው ነው። አንደኛው ኮፒ ለ1.96 የሚሰጠው ከደወል ኩርባው ስር ያለ ድርሻ 0.4750፣ ሌላኛው 0.9750፤ አንዱ ከመሐል፣ ሌላው ከግራ ጫፍ ስለሚቆጥር። የትኛው እንደታደለ የሚታወቀው ከፈተና በኋላ ነው።

ካይ ስኩዌር የሚባለው ሌላው ቴብል ተገልብጦ ታትሟል። ተውነው።

ጎሴት የጊነስ ቢራ ፋብሪካ ሠራተኛ ሳለ በ1908 እ.ኤ.አ. የእርስዎን መሠረት ያወጣው ትንሽ ናሙና የያዘ ሰው እንዳይሳሳት ነበር። የእርስዎን ውለታ ቢያይ!

ጡረታ አልወጣም ካሉ፣ ክሪቲካል ቫልዩው (የድንበር ቁጥሩ) ከጥያቄው ግርጌ ይጻፍ። አንድ መስመር ነው።

ግልባጭ፦
ለፎቶ ኮፒ ቤቱ፣ ቶነር እንዲቀይር
ለፕሮፌሰሩ፣ ኦሪጅናሉ ካለ እንዲፈልጉት