እግርህን አንሣልኝ

የደሴ ሰዎች፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ከእናንተ አስቀድሜ ራሴን ስገስጽ አራት ወር አልፎኛል፤ ብቻዬን መሸከሙ ግን አልሆነልኝም። ነገሩ የሁላችንም ስለሆነ ሁላችንም እንስማው።

ባለፈው ሐምሌ፣ አንድ ቅዳሜ ማለዳ፣ ከመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ ጋር ችግኝ ልንተክል ወደ ጦሳ ተራራ ወጣን። ሌሊቱን ሲዘንብ ስላደረ መሬቱ እንደ ሊጥ ይለጠፋል። ለሁላችንም አንድ ዓይነት ቲሸርትና ኮፍያ ታድሎናል። ጉድጓዱን ሌሎች ቀድመው ቆፍረውታል፤ ችግኙም ከየጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀናል። ለእኛ የቀረልን ማጎንበስ፣ ማስገባት፣ አፈር መመለስ ብቻ ነበር። እርሱንም በወጉ አልሠራነውም። ከጎኔ የነበረው ሰው ፕላስቲኩን ሳይቀድ ችግኙን ከነከረጢቱ ሲቀብረው አይቼ ዝም አልኩ። ሥሩ መውጫ አጥቶ በራሱ ላይ ሲጠመጠም እንደሚኖርና አንድ በጋ እንኳ እንደማይሻገር አውቃለሁ፤ ገበሬ አባት ነው ያሳደገኝ። ቢሆንም ዝም አልኩ፤ ሰው ማሳፈር መስሎኝ።

አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሥራው አለቀ ተባለ። ቀጥሎ ፎቶ። ጉሙ ገለል ብሎ ከተማው ከሥራችን ታየ፤ ፎቶ አንሺው ከተማውን ከኋላችን ለማስገባት ፈልጎ ወደ ታች ወዳለችው ሜዳ እንድንወርድ በእጁ ጠቆመን። ወረድን። ከሠላሳ የማናንስ ሰዎች እየተገፋፋን፣ እየተሳሳቅን፣ ባነሩን ግራና ቀኝ ወጥረን ቆምን። ሣሩ ቁርጭምጭሚት ይደርሳል። ከሣሩ ውስጥ ምን እንዳለ ያየ የለም።

በዚህ መሃል አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ይዘው እየተደናቀፉ መጡ። የቦታው ጠባቂ ናቸው። በትከሻቸው ላይ የረጠበ ፎጣ፣ በእግራቸው ኮንጎ ጫማ። አልጮኹም። እኔ ፊት ደርሰው ጎንበስ አሉና ቦት ጫማዬን በሁለት ጣታቸው ነካ አደረጉት።

«ልጄ፣ እግርህን አንሣልኝ።»

አነሣሁ። ከሥሩ አንድ የሐበሻ ጥድ ተጋድሟል፤ ቁመቱ ከስንዝር ብዙም አይበልጥም፤ ጫፉ ጭቃ ውስጥ ገብቷል። ዙሪያውን እንደ ቡጢ የሚያህሉ ድንጋዮች ከበውት ነበር፤ አንዱን ድንጋይ በተረከዜ አስጥሜዋለሁ። ሽማግሌው ተንበርክከው በጣታቸው ጭቃውን ከቅጠሉ ላይ ጠረጉለት፣ ቀና አደረጉት፤ ተመልሶ ወደቀ። ከዚያ ወደሚቀጥለው ሰው ሄዱ። «እግርሽን አንሽልኝ።» ቀጥሎ ወደ ሌላው። ያቺ ሜዳ ከዓመት በፊት የተተከለባት ናት። ከኅዳር እስከ ግንቦት ድረስ ከታች ካለው ምንጭ በትከሻቸው ጀሪካን እየተሸከሙ ያጠጧት እርሳቸው ናቸው። የተረገጡትን ቆጠሯቸው፤ 23 ናቸው። ሲቆጥሩ የወቀሳ ድምፅ አልነበራቸውም፤ ከብቱን አመሻሽ ላይ እንደሚቆጥር እረኛ ነበር የሚቆጥሩት።

ከመካከላችን አንዱ «አባባ፣ ሌላ እንተክልልዎታለን» ብሎ ሳቀ። ሌላዋ «ፎቶው ውስጥ ይግቡ እንጂ» ብላ ኮፍያ ሰጠቻቸው። ተቀበሏት፤ አላደረጓትም፤ በእጃቸው ይዘው «አላህ ይስጣችሁ» አሉን። መረቁን! የወሎ ሰው ተበድሎም ይመርቃል። ያ ምርቃት እስከ ዛሬ የእግር እሳት ሆኖብኛል።

ወገኖቼ፣ ይህን ይቅር ልል አልቻልኩም። ለእናንተም፣ ለራሴም። ምክንያቱም በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ፎቶውን በስልኬ ለወዳጅ ዘመድ በትኜ «አሻራዬን አኖርኩ» ብዬ ጽፌበታለሁ። ምስጋናው ጎረፈ። ማታ ላይ ፎቶውን አተልቄ ስመለከተው፣ ከቀኝ ጠርዝ፣ ከባነሩ ምሰሶ ኋላ፣ ያጎነበሰ ጀርባ አየሁ። የሽማግሌው ጀርባ ነው። እኛ ወደ ካሜራው ስንስቅ እርሳቸው ከእግራችን ሥር እየለቀሙ ነበር። ፎቶውን አጠፋሁት። ምስጋናውን ግን ከበላሁት በኋላ ነው ያጠፋሁት።

አማርኛችን ለዚህ ነገር ቃል አላነሰውም። እግር መሬት ላይ ትቶት የሚያልፈው ዱካ ነው። አባቶቻችን የጠፋ በሬ ዱካውን ተከትለው አገር አቋርጠው አስመልሰዋል፤ ሌባም የሚፈራው ዱካውን ነው። የሚሰማው ድምፅ ኮቴ ነው። የደጋግ ሰዎችን መንገድ ስንይዝ ፈለጋቸውን ተከተልን እንላለን፤ ፈለግ በግዕዝ ወንዝ ማለት ነው። አሻራ ግን የእጅ ነው። መፈረም የማይችሉ እናቶቻችን አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክተው ወረቀት ላይ የሚያሳርፉት ነው። ሲያሳርፉ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ያሳረፈ ሰው ባለዕዳ መሆኑን ያውቁታልና። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው ውል ላይ የሚያኖረው ምልክት እንዲያስገድደው፣ ሥልጣን ያለው ሰው ፊት እንዲረጋገጥ የሚጠይቀው ነገሩ ከባድ ስለሆነ ነው። አሻራ ግዴታ ነበር። በ2011 ዓ.ም. አረንጓዴ አሻራ የሚለው ስም ሲወጣ ደስ ያለኝም ለዚህ ነው፤ የተከለ ሰው ለዛፉ ተፈራረመ ማለት መስሎኝ። እኔ ግን ተፈራርሜ ዕዳውን ለሽማግሌው ትቼላቸው ወረድኩ።

አሻራ ማኖር ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። ንጉሥ ሚካኤል እዚሁ ደሴ አይጠየፍ አዳራሽን ባያቆሙ ኖሮ ዛሬ ለልጆቻችን ምን እናሳይ ነበር? የእኔ ነገር ሌላ ነው። እ.ኤ.አ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ካናዳ ውስጥ ዊልያም ሪስና ተማሪያቸው ማቲስ ዋከርናገል አንድ ስሌት አወጡ፤ አንድ ሰው የሚበላው፣ የሚለብሰው፣ የሚያነደው ምን ያህል መሬትና ውኃ እንደሚፈጅ የሚለካ። ስሙንም ከእግር ዱካ ወሰዱት። ቃሉ ወደ እኛ ሲመጣ እግሩ እጅ ሆነ፤ ከዚያው ስሌት የተወለደውን የካርቦን ልኬት የካርቦን አሻራ እያልን እንጠራዋለን። በእነርሱ ስሌት የሚመሰገነው ዱካው ያነሰ ሰው ነው፤ በእኛ አነጋገር የሚመሰገነው አሻራው የጎላ ሰው ነው። ሁለቱን በአንድ ቃል ስንጠራ እጃችንን እያየን እግራችንን ረሳነው። እጃችን ለካሜራ ይተክላል፤ እግራችን ከኋላ ይረግጣል። የቦርከናን ወንዝም እንዲሁ ነው የምናደርገው። ግቢያችንን ጠርገን፣ በራፋችንን አጥበን፣ ቆሻሻውን ወደ ወንዙ እንለቃለን፤ ወንዙም ይዞት ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል። እዚያ ያለ ወገናችን የእኛን ዱካ በውኃ ውስጥ ያገኘዋል።

ኧረ ምን ነካን? አንድ ሰው ጎረቤቱ ቤት ሲገባ ጫማውን ከደጅ አውልቆ የሚገባበት አገር ነው ይህ። መስጊድ ስንገባ እናወልቃለን፣ ቤተ ክርስቲያን ስንገባ እናወልቃለን። እግር የሚያረክሰው ነገር እንዳለ የምናውቅ ሕዝብ ነን። ተራራው ላይ ሲሆን ማን ፈቀደልን?

እ.ኤ.አ በ1978 ታንዛኒያ ውስጥ፣ ላኤቶሊ በሚባል ስፍራ፣ የሜሪ ሊኪ ቡድን ረጅም የሰው መሰል የእግር ዱካ አገኘ። ዕድሜው 3.6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። እሳተ ገሞራ የተፋው አመድ በዝናብ ርሶ፣ እነዚያ ፍጡራን ረግጠውት አልፈው፣ ደርቆ ቀረ። የድንቅነሽ ወገን እንደሆኑ ይገመታል፤ ድንቅነሽ ደግሞ ሩቅ አይደለችም፤ በ1967 ዓ.ም. የተገኘችው ከእኛ ከኮምቦልቻ በባቲ በኩል ቁልቁል በሚወረድበት በአፋር ምድር፣ ሐዳር ላይ ነው። እነዚያ ሰዎች እንዲታዩ ብለው አልረገጡም። የሚሄዱበት ነበራቸውና ሄዱ። ይህን የማነሣው እርጥብ መሬት ምን ያህል እንደማይረሳ እንድታስቡት ነው፤ እኔ በዓይኔ አይቼዋለሁና።

ጥቅምት ሲገባ ዝናቡ አቆመ፤ ብቻዬን ወደ ጦሳ ወጣሁ። የሐምሌው ጭቃ እንደ ሸክላ ደርቋል። ዱካችን ሁሉ እንዳለ ነው፤ የሴት ጫማ፣ የስኒከር፣ የቆዳ ጫማ። የእኔን አወቅሁት፤ የግራ ጫማዬ ሶል መሃሉ ላይ የተሰነጠቀ ነው፤ ስንጥቁ መሬቱ ላይ ወጥቷል። ሽማግሌው የተረገጡትን በእንጨት ደግፈው፣ በጨርቅ ቁራጭ አሥረው አቁመዋቸዋል። ከ23ቱ 8 ተርፈዋል። እኛ የተከልናቸው ብዙዎቹ ቢጫ ሆነዋል። አንዱን ነቅለው አሳዩኝ፤ ጥቁሩ ፕላስቲክ እንደታሠረ ነው። የት እንደተተከለ አወቅሁት። ከጎኔ ቆሞ የነበረው ሰው ጉድጓድ ነው።

«አውፍ ይበሉኝ አባባ» አልኳቸው። ማን እንደሆንኩ እንኳ አላስታወሱኝም። ጫማዬንና ዱካውን አመሳክሬ አሳየኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «እኔስ አውፍ ብያለሁ፤ ውኃውን ግን ማን ያመጣል?» አሉ። የጠየቁኝ ከልባቸው ነው። ጉልበታቸው ደክሟል፤ ዘንድሮ በጋውን ሁሉ ከምንጩ መመላለስ እንደማይችሉ ነገሩኝ።

የደሴ ሰዎች፣ ለሐምሌ ስትጠሩ አምስት መኪና ሙሉ ትመጣላችሁ፤ በዝናብ ማን ችግኝ ያጠጣል? ዛፉ ሰው የሚፈልገው አሁን ነው፤ ኅዳር ገብቷል፣ ፀሐዩ ከሯል፣ ውርጩ ማለዳ ማለዳ ቅጠሉን ያቃጥላል። ከእናንተ ውስጥ ጦሳን ከመስኮቱ የማያይ ማን አለ? አንድ ቅዳሜ፣ ግማሽ ቀን፣ አንድ ጀሪካን። ቲሸርት የለም፣ ባነር የለም፣ ፎቶ የሚያነሣም የለም። ብዙ ሰው ይመጣል ብዬ አልጠብቅም፤ እንዲህ ያለ ጥሪ ሳልፈው ስለኖርኩ እንዴት እንደሚታለፍ አውቀዋለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ሁለት ነበርን፤ እኔና ያቺ ኮፍያ የሰጠቻቸው ባልደረባዬ። ምንም ሳንነጋገር ስድስት ጊዜ ተመላለስን። ሽማግሌው ኮፍያዋን አድርገዋት ነበር።

የምትመጡ ካላችሁ፣ ማለዳ 1 ሰዓት ላይ ምንጩ ጋር አለን። ከምንጩ ሽቅብ ስትወጡ በግራ በኩል ያለችውን ቀጭን መንገድ ያዙ። ሜዳዋን አታቋርጡ፤ ድንጋይ የተከበበ ነገር ስታዩ ዙሩት።