«ታይፎይድ ነው» ተብሎ የሚመለሰው ጭንቀት

የአእምሮ ሕመም ሲባል አብዛኞቻችን ዓይን ላይ የሚመጣው አንድ ዓይነት ሰው ነው። ፒያሳ ወይም ስታዲየም አካባቢ ፀጉሩ ተንጨባሮ፣ ጨርቁን ጥሎ ለብቻው የሚያወራ። ከእሱ ውጪ ያለነው ሁላችንም «ጤነኛ» ነን። እንደኔ እንደኔ፣ ስለ አእምሮ ጤና ከሚነገሩት የተሳሳቱ ነገሮች ሁሉ የበለጠ ሰው የሚጎዳው ይኼኛው ነው። ያ ሰው እኮ ብዙ ጊዜ ለዓመታት ሳይታከም የቆየ ነው። የሕመሙን መጨረሻ እያየን ነው እንግዲህ «ሕመም ማለት ይኼ» የምንለው።

መጀመሪያው ሌላ መልክ አለው። ሜክሲኮ አካባቢ የምትሠራ አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ አስቡ። በሰዓቷ ትገባለች፣ ሥራዋን ትጨርሳለች። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከነቃች ግን በቃ፣ እንቅልፍ የለም። ራሷን ያማታል፣ ጨጓራዋ ያቃጥላታል፣ ልቧ ድው ድው ይላል። ክሊኒክ ትሄዳለች። ደም ትሰጣለች፣ «ታይፎይድና ታይፈስ አለብሽ» ትባላለች፣ መድኃኒቷን ይዛ ትመለሳለች። በወሩ ሌላ ክሊኒክ። ኦሜፕራዞል፣ ቫይታሚን፣ አልትራሳውንድ። ድባቴ (ዲፕሬሽን) እና ጭንቀት በእኛ አገር ሐኪም ፊት የሚቀርቡት ብዙ ጊዜ እንዲህ፣ የሆድና የራስ ሕመም ሆነው ነው። ስለ እንቅልፏና ስለ ሐሳቧ የሚጠይቃት ከተገኘ ደግሞ መልሷ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። ምን ታድርግ? ቢሮዋ ውስጥ «አንቺ አማኑኤል ያስፈልግሻል» የየቀኑ ቀልድ ነው። በጣሊያን ዘመን የተቋቋመ፣ ስንቱን ቤት የታደገ የአእምሮ ሆስፒታል መሳደቢያ ሆኖ ቀረ! የአእምሮ ሕክምና ዛሬ ጥቁር አንበሳም ጳውሎስም አለ።

መድኃኒቱም ስሙ ጠፍቷል። «ሱስ ያስይዛል» ይባላል። እንደ ዳያዜፓም ያሉት ማረጋጊያዎች ለረዥም ጊዜ ከተወሰዱ በእርግጥ ያስይዛሉ። እንደ ፍሉኦክሴቲን ያሉት የድባቴ መድኃኒቶች ግን እንደዚያ አይደሉም። ሆኖም ለውጣቸው እስኪታይ ከ2 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል፣ ያለ ሐኪም ምክርም በአንዴ አይቋረጡም። ፋርማሲ ውስጥ የማየው ነገር አለ። ሰዉ ወጥቶ እስኪያልቅ ጥግ ይዞ ይጠብቃል፣ ማዘዣውን አጣጥፎ ይሰጣል፣ እሽጉን ኪሱ ከትቶ ካርቶኑን እዚያው ትቶ ይሄዳል። እንዲህ ተደብቆ የሚዋጥ መድኃኒት በሳምንቱ «አልሠራልኝም» ተብሎ ቢጣል ምን ይገርማል?

ጠበል የሚሄድም አለ፤ ይሂድ። እንጦጦ ወጥቶ እፎይ ያለ ብዙ ሰው አውቃለሁ። የእኔ ጠብ «ክኒኑን ካልተውክ አትድንም» ከሚለው ጋር ነው። በኤችአይቪ መድኃኒት ላይም ይኸው ክርክር ነበር፤ ሁለቱም አብረው እንደሚሄዱ የተናገሩት ራሳቸው የቤተ ክርስቲያን አባቶች ናቸው።

አንድ የቀረኝ አለ። ወዳጃችን «መኖር ሰለቸኝ» ሲል «ኧረ አፍህን ቁረጠው!» ብለን ወሬ እንቀይራለን። ብንጠይቀው ሐሳቡን እኛው የምንጨምርበት ይመስለናል። አይደለም፤ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣውም። «ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ብላችሁ በቀጥታ ጠይቁት። «አዎ» ካለ አትቆጡት፣ ብቻውንም አትተዉት፤ ያኑ ቀን ይዛችሁት ሆስፒታል ሂዱ።