ፈርማለች ብላችሁ የፈረዳችሁባት እናት

ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። ንዴቱ ይብረድልኝ ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልበረደም።

የማውቃት አንዲት ወጣት ልጇን ያለ ጊዜው ወለደች። ክብደቱ ከአንድ ኪሎ ብዙም አያልፍም። ማሞቂያ ክፍል ገባ። እሷ ከወሊዱ ገና ሳታገግም ቀን ከሌት ወተቷን እያለበች ትወስድለታለች። አንዳንዴ ያን ሁሉ ታግላ የምታገኘው የሲሪንጅ ጫፍ እንኳን አይሞላም። ነርሷ ያችንም ጠብታ ሳታባክን በአፍንጫው በገባችው ቀጭን ቱቦ ትሰጠዋለች፤ ከዚያ ስንት ሚሊ ሊትር እንደገባ መዝገቡ ላይ ትጽፋለች።

እዚያ ክፍል ውስጥ ጥናት ይካሄድ ነበር። ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ነው። እንዲህ ላሉ ሕፃናት ወተቱ በየቀኑ ቶሎ ቶሎ ይጨመርላቸው ወይስ ቀስ እየተባለ? ቶሎ ከተጨመረ አንጀታቸው ይጎዳል ብለው የሚፈሩ ሐኪሞች አሉ። ቀስ ከተባለ ደግሞ ሕፃኑ በደም ሥር በሚሰጥ ምግብ ብዙ ቀን ይቆያል፣ በዚያው በኩል ኢንፌክሽን ይገባበታል ብለው የሚፈሩ አሉ። ሁለቱም አሠራር ጥናቱ ከመምጣቱ በፊት የነበረ ነው። ለልጁ የትኛው እንደሚደርሰው የሚወስነው የተረኛው ሐኪም ልማድ ነበር። ጥናቱ ያመጣው አዲስ ነገር ቢኖር ሕፃናቱን በዕጣ መመደብና የሆነውን ሁሉ መዝግቦ መከታተል ነው። ይህን አስረዷት። ጠየቀች፣ መለሱላት። አልፈልግም ብትል ከልጇ ሕክምና ምንም እንደማይጎድል፣ ከገባችም በኋላ በፈለገችው ሰዓት መውጣት እንደምትችል ነገሯት። ፈረመች። የቅጹን አንድ ቅጂ ሰጧት፣ የልጁን ልብስ የያዘችበት ቦርሳ ውስጥ ከተተችው።

ልጁ በሁለተኛው ሳምንት ሞተ። ደሙ ውስጥ ኢንፌክሽን ገብቶ ነበር።

ለቅሶው ላይ አንዲት ዘመዷ ያንን ቦርሳ ስታነሳሳ ወረቀቱን አገኘችው። ለብቻዋ ጠርታ ብትጠይቃት ምን ነበረበት! ሰው በተሰበሰበበት መሐል ቆማ፣ ወረቀቱን ከፍ አድርጋ፣ «ይኸው ፊርማዋ! ልጇን ለሙከራ ፈርማ ሰጥታ ነው እኛን የምታስለቅሰን» አለች። ከኋላ አንዱ «እኔም ጠርጥሬ ነበር» አለ። ሌላው «መቼም በነፃ አልሰጠችም» ብሎ ጨመረበት። ወረቀቱን ያነበበ ግን አንድም ሰው አልነበረም። እናቲቱ ለቅሶዋን አቆመች። አንድ በአንድ አየቻቸውና «እኔ ነኝ እንዴ የገደልኩት?» ብላ ጠየቀች። አይደለሽም ያላት የለም።

ምን ዓይነት ሰዎች ሆነናል? ልጇን ከቀበረች ገና ሁለት ቀን ያልሞላትን ሴት ገዳይ ለማድረግ ይህን ያህል ምን አስቸኮለን? ደግሞ እኮ ወሬው እዚያ ቤት አልቀረም። በስልክ ዞረ። «የሙከራ አይጥ አደረጉት» እየተባለ ዞረ። ያን ሰምተው ልጆቻቸውን ከጥናቱ ያስወጡ እናቶች አሉ። መብታቸው ነው፣ በእነሱ አልፈርድም። የምፈርደው ባስፈራሯቸው ላይ ነው።

ለመሆኑ ያልተጠና ሕክምና ደኅና ይመስላችኋል? እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ያለ ጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት ኦክስጅን እንደ ልብ ይለቀቅላቸው ነበር። መተንፈስ ለከበደው ልጅ ኦክስጅን ምን ይጎዳል? ማንም ክፉ አላሰበም። በዓለም ዙሪያ ወደ 10,000 የሚጠጉ ልጆች ዓይናቸው ጠፋ። በአሜሪካ ዋሽንግተን ውስጥ በአንድ ሆስፒታል ጉዳዩን በጥናት ለማጣራት ሲሞከር፣ ኦክስጅን የተቀነሰባቸው ሕፃናት ያሳዘኗቸው ነርሶች ማታ ማታ መልሰው ይከፍቱላቸው ነበር። አዝነው ነው፤ ግን ያ እዝነት ዓይን ያጠፋ ነበር። ነገሩ የለየለት 18 ሆስፒታሎች ተባብረው በ1953 ሌላ ጥናት ከጀመሩ በኋላ ነው። ከዚያ ደግሞ ሁሉም ኦክስጅን መቆጠብ ጀመረ፣ በዚህም ያለቁ ሕፃናት አሉ። ትክክለኛው ልክ የቱ ጋ ነው የሚለው እስከ 2010ዎቹ ድረስ ሲጠና ቆይቶ፣ ኦክስጅኑ ዝቅ ተደርጎ የተያዘላቸው ዓይናቸው የተሻለ ቢተርፍም በብዛት እንደሚሞቱ ታወቀ። ስድሳ ዓመት የፈጀ አንድ ጥያቄ! ክሎራምፌኒኮል የሚባለውም መድኃኒት እንዲሁ ነው። ከኢንፌክሽን ይጠብቃቸዋል ተብሎ ይሰጥ ነበር፤ በ1959 የወጣ ጥናት ጭራሽ እየገደላቸው እንደነበር አሳየ።

ጥርጣሬያችሁ ያለ ምክንያት መጣ አልልም። ሰውን ሳያስፈቅዱ፣ ሳይነግሩ መሞከሪያ ያደረጉ ሰዎች በታሪክ ነበሩ። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ጥናቱን ሳይጀመር የሚመረምረው፣ ወላጅ ሳይፈርም ማንም ልጁን ማስገባት የማይችለው በዚያ ምክንያት ነው። ጠይቁ፣ አፋጥጡ፣ እንቢ በሉ። ተመራማሪዎችም ብትሆኑ ተግሣጹ ይመለከታችኋል። ለማስፈረም ሦስቴ የመጣችሁ ሰዎች ልጁ ሲሞት አንድ ጊዜ መደወል አቃታችሁ? ያቺ ሴት ለጥያቄዋ መልስ የሚሰጣት ሰው አጥታ በሐሜተኛ እጅ ወደቀች። ጥናቱ ሲያልቅስ ውጤቱን ማን ይነግራት ይሆን?

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን ይሄ ነው። በ2022 ብቻ 2.3 ሚሊዮን ሕፃናት በተወለዱ በወር ጊዜ ውስጥ ሞተዋል። ከ5 ዓመት በታች ከሚሞቱት ግማሽ ያህሉ ማለት ነው። ይህን ቁጥር የሚቀንሰው ምን መስሏችኋል? ዛሬ ትንሽ ሆኖ የተወለደ ልጅ እስኪጠነክር ሳይጠበቅ ወዲያው እናቱ ደረት ላይ፣ ቆዳው ቆዳዋን ነክቶ እንዲታቀፍ ይመከራል። ይህ የተረጋገጠው በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ ከ3,000 በላይ ሕፃናት በተሳተፉበት ጥናት ነው፤ ውጤቱ በ2021 ወጣ። እንደ ቀድሞው ከተያዙት ከ100ው 16 ያህሉ ሲሞቱ፣ ወዲያው ከታቀፉት የሞቱት 12 ናቸው። ጥቅሙ ግልጽ ስለሆነ ጥናቱ ከተያዘለት ጊዜ ቀድሞ ቆመ። አስቡት እስቲ፣ በሁለቱም በኩል የሞቱባቸው እናቶች ነበሩ። እነሱም ፈርመው ነበር። ዛሬ የእናንተን የልጅ ልጅ ደረቷ ላይ አጣብቃ የምታሞቀው እናት የእነዚያ ሴቶች ባለዕዳ ናት። እናንተም ናችሁ።

ይህን አንብቦ የሚለወጥ ብዙ ሰው ይኖራል ብዬ አልጠብቅም፣ እውነት ለመናገር ደክሞኛል። ግን ነገም አንዷ ማሞቂያ ክፍል ደጃፍ ላይ ቆማ ቅጽ ትቀበላለች። ምናልባት አንዳችሁ አብራችኋት ትሆኑ ይሆናል። አንብቡላት፣ ያልገባትን ጠይቁላት። እሺም ትበል እንቢ፣ ውሳኔዋን ተዉላት። ልጇ ከተረፈ ደስ ይበላችሁ። እግዜር አይበለውና ካልተረፈ፣ ሌላው ቢቀር ዝም በሉላት።