መብራቷ በራች ወይ?

አባቴ መኪና ሲጠግን አይናገርም ነበር። 5ኤል የሚባል የድሮ የናፍጣ ሞተር ያላት ሚኒባስ ነበረችው። ወንበሩን ወደ ኋላ ይገለብጣል፣ እጅጌውን ይሰበስባል፣ በ10፣ በ12 እና በ14 ቁልፍ ግማሽ ሞተር ፈትቶ መሬት ላይ ያሰጣዋል። የናፍጣ ታንኳ ሲያፈስ ደረቅ ሳሙና አሽቶ ይለጥፍባታል። የናፍጣው መስመር ውስጥ ንፋስ ስትስብ ደግሞ ማጣሪያው አናት ላይ ያለችውን የእጅ ፓምፕ ጫን ጫን ያደርጋታል፤ ቁልፍ ሲያዞር ትነሳለች። እኔ አጠገቡ ቆሜ የማቀብለው ቁልፍ አቀባይ ነበርኩ። ሙያውም በዚያው የተቀበልኩ መስሎኝ ነው ጉድ የሆንኩት።

የኔ ቫን ዘመናዊ ናት። ስሟን አልጠራም፤ ወዳጆች አሏት። ድንኳንና የፕላስቲክ ወንበር አከራይበታለሁ፤ ስለዚህ የኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ሰርግም ለቅሶም በእሷ ጤና ላይ የተንጠለጠለ ነው። ባለፈው የናፍጣ ማጣሪያ የምትቀየርበት ጊዜ ደረሰ። መካኒኩ የእጅ ዋጋ ሲነግረኝ ሳቅሁ። ለአንድ ማጣሪያ? የአባቴን የቁልፍ ሳጥን ከአልጋ ሥር ጎትቼ አወጣሁና ቅዳሜ ጠዋት ብሎኩ ሥር ኮፈኑን ከፈትኩ።

ሞተር የለም። ያለው ሰፊ ጥቁር ፕላስቲክ ነው። እሱን ሳነሳ ሌላ ፕላስቲክ። ሞተሩ እንደ አራስ ተሸፋፍኖ ተኝቷል። ማጣሪያዋ የአምስት ዓመት ልጅ እጅ ብቻ የሚገባበት ጥግ ውስጥ ተወሽቃለች፣ ያሰሯት ብሎኖች ደግሞ ጭንቅላታቸው ኮከብ ነው። ባለ ስድስት ጫፍ ኮከብ! አባቴ ሳጥን ውስጥ 30 ቁልፍ ገደማ አለ፤ አንዱም ኮከብ አያውቅም። ከኮዬ የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ደርሶ መመለስ ግማሽ ቀን ነው። ሄድኩ። ገዛሁ። ተመለስኩ። አንድ ቁጥር አነሰ። የዚያን ቀን ሁለተኛ ጉዞዬን አልተርክም።

በማግስቱ እንደገና ኮፈን ከፈትኩ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ኮፈን መክፈት ድንኳን እንደ መትከል ነው፤ ሰው ይሰበሰባል። «ምን ሆነች?» ይላል አንዱ፣ እንደ በሽተኛ ጥየቃ። «እግዜር ይማራት» ያሉም አሉ። ጥበቃው አባባ ዱላቸውን ተደግፈው ቆሙ፤ ጡረታ የወጡት የከባድ መኪና ሾፌር ጋሼ ጋዜጣቸውን አጣጠፉ፤ መንጃ ፈቃድ እንኳ የሌለው የሦስተኛ ፎቁ ልጅ «ፖምፓዋ ነው» ብሎ ደመደመ። ገና ምንም አልተበላሸም እኮ! ማጣሪያ ልቀይር ነው!

ከዚያ አንዷ ብሎን ከጣቴ አመለጠች። ቲን አለች፣ ቲን አለች፣ ከዚያ ዝም። ስምንት ሰው አስፋልቱ ላይ ተንበርክኮ ፈለገ። የለችም። ለካ መኪናዋ ከሆዷም በታች ፕላስቲክ ለብሳለች፤ ብሎኗ እዚያ ላይ ተኝታለች። የወደቀ ብሎን መሬት የማይደርስባት መኪና እንዳለች አባቴ ሳያውቅ አረፈ። ያንን ፕላስቲክ ለማውረድ ስንት ብሎን ይፈታል? አሥራ አንድ። ኮከብ ናቸው? አዎ።

ለማንኛውም ማጣሪያዋ ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ተቀየረች። ሞተሪኖውን ሳዞረው ቸር ቸር ቸር ይላል እንጂ አትነሳም። ንፋስ ገብቶባታል። የእጅ ፓምፕ ፈለግኩ፤ የላትም። ጋሼ ይሄኔ ክብራቸው ተመለሰ። «ልጄ፣ የኢንጀክተሩን ቧንቧ ላላ አድርግና አስነሳት፣ ንፋሱ ይወጣል» አሉኝ። በእሳቸው ዘመን ትክክል ነው። አባቴም ያደርገው ነበር። ችግሩ በእሳቸው መኪናና በእኔዋ መካከል ኮመን ሬይል የሚባል፣ ናፍጣውን በከፍተኛ ግፊት ጨምቆ ለኢንጀክተሮቹ የሚያከፋፍል ነገር መግባቱ ነው፤ ቤት መኪኖች ላይ መታየት የጀመረው በፈረንጆቹ 1997 ነው። የጎማ ንፋስ 3 ባር ቢሆን ነው። በዚያች ቀጭን ቧንቧ የሚሄደው ናፍጣ 1,600 ባር ይደርሳል፣ አንዳንዱ ላይ ከዚያም ያልፋል። ሞተሩ እየዞረ ላላ ያደረግከው እንደሆነ እንደ መርፌ ቆዳ በስቶ ይገባል። ይህን ሳስረዳቸው ጋሼ ተከፉ። «የተማረ ሰው» ብለው ጋዜጣቸውን ዘረጉ። ስድብ መሆኑ ነው።

በመጨረሻ መኪና በኮምፒዩተር የሚመረምረውን ልጅ ጠራነው። ልጁ ስል ሃያ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው፤ እጁ ንጹሕ፣ ጥፍሩ ነጭ። ቁልፍ አልያዘም። የክብሪት ቀፎ የምታክል ነገር ከመሪው ሥር ሰካ፣ ስልኩን አየት አደረገ፣ «ፒ 0087፤ የሬይሉ ግፊት ዝቅ ብሏል» አለ። ጥበቃው አባባ ቁጥሩን በእጃቸው መዳፍ ላይ ጻፉት፤ ለሎተሪ ነው። ከዚያ ልጁ ገቢናው ላይ ተቀመጠና ቁልፉን እስከ መብራቱ ድረስ ብቻ አዞረው። ጠበቀ። ከወደ ኋላ ዝዝዝ የሚል ድምፅ። አጠፋ። ደገመው። አምስት ጊዜ። ስድስተኛው ላይ ሞተሪኖውን ነካው፣ ተነሳች። ናፍጣውን የሚገፋው ፓምፕ ኤሌክትሪክ ነው ለካ፣ ታንኩ ውስጥ ተቀምጦ። እኔ አንድ ሳጥን ሙሉ ቁልፍ ይዤ ሁለት ቀን ስዋጋ፣ የሚሠራው ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ነበር።

ልጁ የወሰደው ሂሳብ የመካኒኩን ያህል ነው። ዝም ብዬ ከፈልኩ።

በሳምንቱ ሌላ መብራት በራ። ትንሽ ሳጥን፣ ውስጧ ነጠብጣብ። ዲፒኤፍ ይባላል፤ በእኛ ቋንቋ የጭስ ወንፊት በሉት። ጥቀርሻውን ይዞ ያስቀርና፣ ሲሞላ በ600 ዲግሪ ገደማ ያቃጥለዋል። ግን እንዲያ የሚግለው ሞተሩ ሞቆ፣ ሳይቆም፣ ከ2,000 ዙር በላይ እየዞረ ሃያ ደቂቃ ያህል ሲነዳ ነው። እኔ ከኮዬ ቃሊቲ፣ ከቃሊቲ ሳሪስ፣ አንደኛ ማርሽ፣ ሁለተኛ ማርሽ፣ ቁም። ሃያ ደቂቃ ሳይቆም የሚሄድ እዚህ መንገድ ላይ አንቡላንስ እንኳ አላየሁም። በዚያ ላይ ነዳጅ ከሩብ ታንክ በታች ከሆነ አላቃጥልም ትላለች። ሰልፉን አላየችውማ።

«ቆርጠህ ጣለው፣ ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚያደርገው» ያለኝ ብዙ ነው። አልቆርጥም። ጻድቅ ስለሆንኩ አይደለም፤ መኪናዋን የማቆመው የእትዬ በረንዳ ሥር ነው፣ እትዬ ደግሞ ነጭ ነጠላ ነው የሚያሰጡት። ጥቀርሻውን ሳይሆን እሳቸውን ነው የምፈራው። ደግሞ ብቆርጠውም ኮምፒዩተሯ ወንፊቱን ፍለጋ ትጀምራለች፤ እሷን ለመዋሸት እንደገና ልጁን መጥራት ነው።

እና ምን ይሻላል? ሰው በሽታው ሲጠናበት ጠበል ይሄዳል። የኔዋ ጠበሏ ቱሉ ዲምቱ ነው፤ የአዳማ የክፍያ መንገድ። በ2007 ሲከፈት ለሽርሽር ብቻ የሚሄዱበትን ሰዎች ስስቅባቸው ነበር። አሁን እኔ ነኝ ከፍዬ፣ ምንም ጉዳይ ሳይኖረኝ፣ በአራተኛ ማርሽ እየጮኸች ዱከምን፣ ቢሾፍቱን የማልፈው። ሞጆ ሳልደርስ መብራቷ ትጠፋለች። ደስ ይላል፣ አልዋሽም። ከሞጆ ዞሬ እመለሳለሁ።

የመጀመሪያውን ጊዜ ብቻዬን ሄድኩ። ሁለተኛውን እትዬ ሰሙ፣ «እግረ መንገድህን» አሉ፤ ሞጆ ላይ ሽንኩርት ከዚህ ይረክሳል። ሦስተኛውን የሦስተኛ ፎቁ ልጅ እናትና ሁለት ጎረቤቶቿ ማዳበሪያ ይዘው መጡ። ጋሼም ገቢና ተቀመጡ፣ እያኮረፉ፣ «በምን ማርሽ ነው የምትነዳው?» እያሉ። አሁን ወንበርና ድንኳን ከምጭንበት ቀን ሽንኩርት የምጭንበት ሊበልጥ ትንሽ ነው የቀረው።

ትናንት ማታ እትዬ ከበረንዳቸው ጎንበስ ብለው ጠሩኝ።

«አንተ ልጅ፣ መብራቷ በራች ወይ?»

«ኧረ አልበራችም እትዬ፣ ደህና ናት።»

«ውይ!» አሉ አዝነው። «ሽንኩርቴ እኮ ሊያልቅ ነው።»