አቦ፣ ቴፑን ጨምርበት!

ድሬዳዋ ውስጥ የመኪናውን ኩሽኔታ፣ ማለትም ጎማውን ይዞ የሚያሽከረክረውን ብረት፣ ጩኸት መጨረሻ የሚሰማው ሾፌሩ ነው። ከሱ በፊት ረዳቱ ሰምቷል፣ ገቢና የተቀመጠው ሰምቷል፣ ከዚራ ሰፈር ጥላ ሥር ቡና የሚጠጡትም «መጣ ደግሞ ይሄ አልቃሻ» ብለዋል። የአሮጌ አባዱላ ሚኒባስ ባለቤት ግን መድኃኒቱን ያውቃል፦ ቴፑን ይጨምራል። ኩሽኔታው ፍጥነት በጨመሩ ቁጥር ስለሚብስበት ዘፈኑም አብሮ ይብሳል፤ ሐረር የሚደርሰው ተሳፋሪ ጆሮውን እያሸ ይወርዳል።

ወደ ሐረር የሚያወጣው የደንገጎ ዳገት ግን ምስጢር አይጠብቅም። ወደ ግራ ሲታጠፉ ክብደቱ ቀኝ ጎማ ላይ ይጫናል፤ ጩኸቱ ያኔ ከጎላ አብዛኛውን ጊዜ የታመመው ቀኙ ነው። ይህን ለመስማት ዝምታ ያስፈልጋል፤ ዝምታ ደግሞ በታክሲያችን የለም። አንዱ «ጎማው ነው» ይላል፣ ሌላው «ካምቢዮው ነው» ይላል። ከታይዋን ገበያ ሸምተው የሚመለሱት እናት ማንም ሳይጠይቃቸው «በኔ ዕቃ እንዳታሳብ!» ይላሉ።

ጋራዥ ከምሳ በፊት መድረስ ነው፤ ከምሳ በኋላ በርጫ አለ። መካኒኩ በክሪክ ያነሳል፣ ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ ይነቀንቃል። ቃ፣ ቃ! «ፍሬን ርገጥ» ይላል። ሲረገጥ ንቅናቄው ከጠፋ ኩሽኔታው ነው፤ ካልጠፋ ሌላ ወጪ ይፈለግ። ባለቤቱ ይለማመጣል፦ «አቦ፣ ግራሶ ብቻ ቀባልኝ።» ላለቀ ኩሽኔታ ግራሶ መቀባት ጥርሱ ለወለቀ ሰው የጥርስ ሳሙና መግዛት ነው።

ሲፈታ ከግራሶው ጋር አሸዋ ይወጣል።

«በደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ውስጥ አሻግረሃል?»

«እኔ? ወላሂ አላሻገርኩም! ከፋብሪካው ነው።»

አዲሱ ይገባል፤ የውስጡም የውጪውም፣ ከነቀለበታቸው። ያኔ ባለቤቱ ራሱ መካኒክ ይሆናል። «አጥብቀው እንጂ! ምን ታባብለዋለህ?» ኩሽኔታ ግን እንደ ሰርግ ኮሚቴ በጉልበት አይያዝም፤ ከልክ በላይ ከጠበቀ ይግላል፣ ይቃጠላል። ጎማውን እያሽከረከሩ ዳዶውን ማጥበቅ፣ ጥቂት መልሶ ማላላት፣ ዳዶው እንዳይፈታ የሚይዘውን ኮፒሊያ ማስገባት ነው።

«የግራውንም ልየው?» ይላል መካኒኩ።

«ተወው አቦ! እሱ ምን አለ? ዝም ብሏል እኮ።»