ማስተካከያ፦ የቃሪያና የደበርጃን ዘር የሚፈልገው ሙቀት

በቀዝቃዛ አካባቢ ስለ መዝራት ባለፈው ስጽፍ፣ የቃሪያና የደበርጃን ዘር በ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሳምንት ውስጥ ይበቅላል ብዬ ነበር። ስህተት ነው። የግብርና ኤክስቴንሽን መመሪያዎች እንደሚሉት አፈሩ ከ21 እስከ 29 ዲግሪ መሞቅ አለበት። የክፍሉ አየር ሳይሆን አፈሩ ራሱ። በ15 ዲግሪ ቃሪያ ብቅ ለማለት 25 ቀን ገደማ ይፈጅበታል፤ በ25 ዲግሪ ግን 8 ቀን አካባቢ ይበቃዋል። ደበርጃንም ብርድ ላይ ይለግማል።

ቀዝቃዛ መስኮት ላይ ያስቀመጣችሁ፣ ዘሩ ሞተ ብላችሁ ቶሎ አትድፉት። ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ ከተት አድርጉ። ቀዝቅዞ ከጨቀየ ውሃ ቀንሱና ሞቅ ያለ ቦታ ውሰዱት። ዘሩ ለስልሶ ከበሰበሰ ግን እንደገና መዝራት ነው። ቡቃያው ብቅ ሲል ወዲያው ወደ ብርሃን ይውጣ፤ አለዚያ ቀጥኖ ይመዘዛል።