ከዘመቻው በኋላ ማን ይጠየቃል?

ከሊቢያዋ ደርና ከተማ በላይ በ1970ዎቹ የተሠሩ ሁለት ግድቦች ነበሩ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የጋዳፊ መንግሥት መሰነጣጠቃቸውን እያወቀ ለዓመታት ያጓተተው ጥገና ገና እንደተጀመረ የ2011ዱ ጦርነት ፈነዳና ሥራው ተቋረጠ፤ ከዚያ ወዲህ ሥልጣን የተሻሙት ወገኖችም አልተመለሱበትም። በሴፕቴምበር 2023 ዳንኤል የተባለው ማዕበል ያወረደው ዝናብ ሁለቱንም ግድቦች በአንድ ሌሊት ደረመሳቸው፤ ጎርፉ ሕንፃዎችን ከነነዋሪዎቻቸው ጠርጎ ሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ ከተታቸው፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አለቁ። ዝናቡን በ2011 በሊቢያ የዘመተው የምዕራባውያን ወታደራዊ ጥምረት ኔቶ አላመጣውም። ነገር ግን ግድብ የሚጠግንና ሕዝቡን በጊዜ ከአደጋ የሚያወጣ መንግሥት ለምን እንደጠፋ ሲመረመር፣ ከ12 ዓመት በፊት ወደተላለፈ ውሳኔ መመለስ ግድ ይላል።

ማርች 17 ቀን 2011 የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት በሊቢያ ሲቪሎችን ለመጠበቅ አስፈላጊው እርምጃ ሁሉ እንዲወሰድ በ10 ድጋፍና በ5 ድምፀ ተአቅቦ ፈቀደ። በውሳኔ ቁጥር 1973 ውስጥ መንግሥት ስለመገልበጥ የተጻፈ ነገር የለም። ሆኖም ዓማፅያን የያዟትን የቤንጋዚን ከተማ ከጋዳፊ ጦር ለማዳን የተነሡት የኔቶና የአጋሮቹ አውሮፕላኖች ቤንጋዚ ከተረፈች በኋላም ለሰባት ወራት ደበደቡ፤ የአፍሪካ ኅብረት ያቀረበው የድርድር ሐሳብ ሰሚ አጣ፤ ጋዳፊ ኦክቶበር 20 ቀን ሲርት ላይ ተገደሉ፤ ኔቶም በወሩ መጨረሻ ተልዕኮዬን ፈጸምሁ ብሎ ወጣ። ሊቢያውያን ግን ከድጡ ወደ ማጡ ገቡ፤ ከመጋዘኖቻቸው የተዘረፈው መሣሪያም በ2012 ሰሜን ማሊን ላናወጠው ጦርነት ማገዶ ሆነ።

ይህን ስጽፍ ዝም ብሎ ማየት ንጹሕ ያደርጋል ማለቴ አይደለም። በሩዋንዳው የዘር ጭፍጨፋ ወቅት፣ ኤፕሪል 11 ቀን 1994፣ በተባበሩት መንግሥታት ጦር ሥር የነበሩ የቤልጅየም ሰላም አስከባሪዎች በኪጋሊ ከአንድ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ለቅቀው ሲወጡ፣ በጥበቃቸው ሥር የተጠለሉ ወደ 2,000 የሚጠጉ ሰዎችን ለገዳዮቻቸው ትተው ሄዱ፤ ገዳዮቹ ከግቢው ውጭ ቆመው ይጠባበቁ ነበር፤ ከተጠለሉት አብዛኞቹ በዚያው ቀን ተጨፈጨፉ። ከ10 ቀን በኋላ የጸጥታው ምክር ቤት በሩዋንዳ የነበረው የተባበሩት መንግሥታት ጦር ቁጥር ወደ 270 እንዲቀንስ ወሰነ። «የሰው አገር ጉዳይ አይመለከተንም» የሚል ሰው እነዚያን ሰዎች ፊት ለፊት እያየ መናገር አለበት።

ስለዚህ ጦር የሚዘምትበት ጊዜ እንዳለ አምናለሁ። የማልቀበለው፣ በአደራ የተሰጠ ፈቃድ እንደ ርስት እንዲያዝ ነው። ለሊቢያው ውሳኔ ቁጥር 1973 የሚያበቃበት ቀን አልተቆረጠለትም ነበር፤ ሩሲያና ቻይና ዘመቻው ከተፈቀደለት ዓላማ ወጣ ብለው ቢቃወሙም፣ ፈቃዱን ለመሻር አዲስ ውሳኔ ያስፈልግ ስለነበር ከዘማቾቹ አንዱ በድምፅ መሻር መብቱ ሊያግደው ይችል ነበር። የዚህን ዋጋ የከፈሉት ሶሪያውያን ናቸው፦ ኦክቶበር 2011 ሁለቱ አገሮች ስለ ሶሪያ የቀረበውን የውሳኔ ረቂቅ ሲሽሩ ሩሲያ ሊቢያን በምክንያትነት ጠቀሰች።

በቀጣዩ ወር ብራዚል፣ ኃይል የመጠቀም ፈቃድ የተሰጣቸው አገሮች ፈቃዱን እንዴት እንደሚጠቀሙበት ምክር ቤቱ እንዲከታተልና እንዲጠይቃቸው ሐሳብ አቀረበች። ምዕራባውያኑ ኃያላን በቅዝቃዜ ተቀበሉት፤ ሐሳቡም ቀስ በቀስ ተረሳ። እንደ እኔ እምነት ወደ ጠረጴዛው ሊመለስ ይገባል፤ ያውም ፈቃዱ በየሦስት ወሩ በአዲስ ድምፅ ካልታደሰ በራሱ የሚያበቃበትን አንቀጽ ጨምሮ።